ከአድ-ዳኢር እስከ ቢስቲማ ከአጎቴ ስኳር ጋር

የአጎቴ ሚስት እትዬ ከድጃ ከቢስቲማ ደውላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በእግሩ ይግባልኝ» አለችኝ። ልብስ አምጡ፣ ሽቶ አምጡ አላለችም። ከሁለት ዓመት በፊት የሰፈራችን ሰው እኛ ከነበርንበት ዐረብ አገር በሣጥን ሆኖ ስለመጣ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። «ኢንሻአላህ በእግሩ አስገባዋለሁ» ብዬ ቃል ሰጠኋት። ይህን የምጽፈው ከተመለስን በኋላ ነው። የዐረቦቹን ክፍለ ሀገር ጂዛንን አይተው ለማያውቁ፣ ምናልባትም መቼም ለማያዩ፣ ግን ቤታቸው ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ላለባቸው ያገሬ ሰዎች ይሁን።

እኔ ፈይፋ ተራራ ላይ በቡና እርከን ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አጎቴ ሙሄ ደግሞ አድ-ዳኢር ፍየል ይጠብቅ ነበር። አምና ስኳር አለብህ ተብሎ ከቁርስ በፊት የሚዋጥ ክኒን ታዘዘለት። ዐረብኛ ማንበብ የተማርኩት ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው፤ የክኒኑንም ወረቀት ያነበብኩለት እኔ ነኝ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ያልገባኝን አንድ ሱዳናዊ ፋርማሲስት በስልክ ያስረዳኝ ነበር። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ይህን ክኒን የዋጠ ሰው ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል። ከሰባ በታች ከሆነ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት ይመጣል፤ ዝም ከተባለ ሰውየው ራሱን ይስታል። ስለዚህ ከጣት በሚወጣ ጠብታ ደም ስኳር የሚለካ መለኪያ ገዛሁ፤ የበላውንና የጣቱን ቁጥር የምጽፍበት ደብተርም አዘጋጀሁ።

ሁለታችንም ከአሠሪዎቻችን የመውጫ ፈቃድ፣ እነሱ ኹሩጅ የሚሉትን፣ አገኘን። የአጎቴ ዓርብ ያበቃል። አውሮፕላናችን ሐሙስ ከጂዛን ነው።

ሰኞ ጠዋት ከፈይፋ በፒካፕ ወረድኩ። ሾፌሩ የዚያ ተራራ ሰዎች እንደሚያደርጉት ጭንቅላቱ ላይ የአበባ ጉንጉን አስሯል፤ በአንድ እጁ ይነዳል፣ በሌላው ስልክ ያወራል። መንገዱ ከኛ ወደ ቆላ ከሚወርደው መንገድ ይበልጥ ይጠማዘዛል፤ ልዩነቱ አስፋልት መሆኑ ነው። እርከኖቹ የኛን ይመስላሉ፤ ድንጋዩ አደራደሩ እንኳ አንድ ነው። እኛ ማሽላ የምንዘራበት ላይ እነሱ ቡና ተክለዋል። ቀትር ላይ አድ-ዳኢር ስደርስ አጎቴ በረቱ አጠገብ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ከስቷል።

«ሙዲሩ መጣ!» አለ። ሙዲር እነሱ ዘንድ ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው፤ መለኪያውን ከገዛሁ ወዲህ ያወጣልኝ ስም ነው።

«ምሳ በላህ?» አልኩት።

«ሰላምታ አይቀድምም? እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ?»

«አሰላሙ አለይኩም። ምሳ በላህ?»

«በላሁ። ከፍየሎቼ ጋር ተሰናብቼ በላሁ። ዳቦና ባቄላ።»

እጁን አስታጥቤ ጣቱን ወጋሁት። ሰማንያ አራት። ዳቦ ለበላ ሰው ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ከፍየል ኋላ ሲሮጥ ስለዋለ ይሆናል ብዬ «ከምሳ በኋላ፣ 84» ብዬ ጻፍኩ።

አሠሪው አቡ የሕያ ሽማግሌ ናቸው። ጀርባቸው ጎብጧል፤ አጎቴን ግን «ወንድሜ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ለመሰናበቻችን ማርሳ አሠሩ። ይህ የጂዛን ምግብ ነው፤ ትኩስ ዳቦ ከሙዝ ጋር ይፈጨፈጭና ቅቤና ማር ይፈስበታል። የኛን ጨጨብሳ አስቡና ሙዝ ጨምሩበት። ጀምበር ጠልቃ የመግሪብ አዛን እንደተሰማ አጎቴ ሦስት ቴምር አከታትሎ ጎረሰ፤ ከዚያ ማርሳው ላይ እንደ ራበው ወጣት ወረደበት። ሥጋም ሰላጣም ነበር፤ አልነካቸውም። ሰው ቤት ነውና አላረምኩትም።

የምሽቱን የኢሻ ሶላት ሰግደን ለካሁት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።

«አጎቴ፣ ምን ነካህ? መጀመሪያ ቅጠሉን፣ ቀጥሎ ሥጋውን፣ በመጨረሻ ከዳቦው ጭብጥህን የምታህል ብቻ አላልኩህም?»

«ሙዲር፣ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁላቸው ሰውዬ በእጃቸው እያጎረሱኝ ቅጠል ልበል?»

«ትንሽ ቀምሰህ መተው ትችል ነበር።»

«ነገ እተዋለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ይህን ቁጥር ያመጣው ማርሳው ነው ብዬ ጻፍኩ። ትክክል ነበርኩ፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያወቅሁት። ከመተኛታችን በፊት ስድስት ከረሜላ ሰጠሁት። «ይህ ለመብል አይደለም። ላብ ካጠመቀህ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ ሁለት ሦስቱን ቶሎ ጉረስ። ከኪስህ እንዳይለይ» አልኩት። እያየሁት ኪሱ ከተተ።

ማክሰኞ አቡ የሕያ ራሳቸው እስከ ሰብያ ሊያደርሱን መኪናቸውን አስነሡ። የልጅ ልጆቻቸው አጎቴን ከበው አልለቅ አሉ። ጎንበስ ብሎ ሲስማቸው፣ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ አይቻለሁ። እኔ ሻንጣ እያሰርኩ ነበር። ሽማግሌው አንድ ካርቶን ቴምር ከሻንጣችን ላይ ጣሉበት፤ እምቢ ቢሏቸውም አይሰሙም።

ከከተማው መውጫ ላይ ለቁርስ ቆምን። ሦስት ዳቦና ፉል ገዛሁ። አጎቴ ድርሻውን፣ ግማሽ ዳቦ፣ ይዞ፣ «መኪና ውስጥ ስበላ ያቅለሸልሸኛል» ብሎ ወደ ግድግዳው ጀርባ ሄደ። አፉን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ ተመለሰ። «ግማሽ ዳቦ ከፉል ጋር» ብዬ ጻፍኩ።

ተራራው አልቆ ሜዳው ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮቱ ገባ። ከኛ አገር ቆላ ሲገባ ሰው ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ እዚያ ግን በር የተከፈተ ያህል ነው። የመንገድ ፍተሻ ኬላ ጋ ስንደርስ አንድ ወታደር ወረቀቶቻችንን ተቀብሎ የአጎቴን ፊት አየ። አጎቴ ላብ በላብ ሆኗል፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«ይሄ ምን ሆነ?» አለ ወታደሩ።

እኔ ቃል ስፈልግ አቡ የሕያ «ሱካሪ ነው፣ ልጄ፤ ስኳር አለበት። ወደ ቤቱ ነው የምወስደው» አሉ። ወታደሩ ወረቀቱን እንደ ያዘ ወደ ጓደኛው ሄደ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አልቆጠርኩም፤ ያልቆጠርኩት ነገር እሱ ብቻ ነው። ተመልሶ ወረቀቱንና ሁለት ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠን። «ያላ፣ ሂዱ በሰላም» አለን።

ለካሁት፤ ሰባ አንድ። ብስኩት ከፍቼ ሰጠሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና «ሆዴ ተረብሿል፤ ቀስ እያልኩ እበላዋለሁ» አለ። ውሃውንም ፊቱ ላይ ብቻ አፈሰሰው። ሰብያ ላይ አቡ የሕያ ከመኪና ወርደው አቀፉት። ሽማግሌው ጥምጣማቸውን ሁለት ጊዜ አስተካክለው ሄዱ።

ከሰብያ በሚኒባስ አሽ-ሹቀይቅ ገባን፤ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከሩቅ የውሃ ማጣሪያውና የመብራት ኃይሉ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ፤ ሲቀርቡ የዓሣ ሽታ ይመጣል። መንገዳችን አልነበረችም። አጎቴ ግን አብሮ አደጉን አሊዩን ሳይሰናበት አልሄድም ስላለ ነው የዞርነው። አሊዩ ጀልባ ይጠብቃል፤ ሚስቱ ዘሃራ ዓሣ ታጸዳለች። ከዓሣ ተራው ጀርባ አንድ ክፍል አላቸው፤ ለኛ ሲሉ ፍራሻቸውን ለቀው ምንጣፍ ላይ ለመተኛት አስበዋል።

«ቤቱን አጽድቼዋለሁ!» አለ አሊዩ ገና ከበር። «ስኳር አለበት ስትሉኝ ስኳር የሚባል ነገር አወጣሁ። ማርም፣ ብስኩትም፣ ጁስም የለም። ሙሄ እዚህ ቤት አይታመምም!»

«የኔን ሻይ ማጣፈጫ ሳይቀር» አለች ዘሃራ። «የታመመው እሱ፣ የተቀጣሁት እኔ።»

ሻንጣችንን ሲያስገባ የቴምር ካርቶኑን አየና ያኔውኑ ለጎረቤቱ ሰጠው። ደስታው ሙሉ ነበር። የስኳር በሽተኛ ያለበት ቤት ስኳር ጨርሶ መጥፋት የለበትም፤ ሲወርድ የሚያድነው እሱው ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ። ግን እንግዳ ሆኜ የሰውን ደግነት ማረም ከበደኝ። ከረሜላው አጎቴ ኪስ ውስጥ አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁና ተውኩት።

ማታ አዛን እንደተባለ የተጠበሰ ዓሣ በላን። የዳቦው ድርሻ ትንሽ ነበር፤ ዘሃራ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር አቀረበችው። ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካሁት፤ መቶ ስድሳ ስምንት። ከተነሣን ወዲህ ያየሁት ጥሩ ቁጥር እሱ ነው። እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት ስነሣ አጎቴ ቀድሞኝ ተነሥቷል። ባዶ የውሃ ብርጭቆና የተቀደደ የክኒን ማሸጊያ አጠገቡ አለ። ዘሃራ ቁርስ ስታቀርብ ድርሻውን ይዞ «ባሕሩን እያየሁ እበላለሁ» ብሎ ወጣ። አሊዩም ተከተለው።

ዘሃራ ቆማ በሩን ታያለች። «አያ ሙሄ ለብቻው መብላት ከመቼ ጀመረ?» አለችኝ። «አገር ቤት እያለን ሰው ካላገኘ ምግብ አይነካም ነበር። መንገደኛ ጠርቶ ያበላ ነበር።»

ደብተሩን ከፈትኩ። ቀን ቀን 84፣ 71። ማታ ማታ 312፣ 168። ቀን እየበላ ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ክኒኑ በዝቶበት ይሆን ብዬ ፋርማሲስቱ ጋ ደወልኩና ቁጥሮቹን በተራ አነበብኩለት።

«የክኒኑን መጠን ሐኪሙ ሳያይ አትለውጥ» አለኝ። «ምግቡን ንገረኝ። ቀን በልቷል?»

«በልቷል። ሁሉንም ጽፌዋለሁ።»

«ሲበላ አይተሃል?»

ደብተሩን መለስ ብዬ አየሁት። ሰኞ ምሳ ነገረኝ እንጂ አላየሁም። ማክሰኞ ግድግዳ ጀርባ ነበር። ብስኩቱን ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ነው የያዘው። በዓይኔ ያየሁት መግሪብ ላይ የበላውን ብቻ ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ሮጥኩ።

ከጀልባዎቹ አጠገብ አሊዩ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። «ኧረ ና! ይሰድበኛል! ሙሄ እኔን ይሰድበኛል!» ይላል። አጎቴ አሸዋው ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። አየኝና በሞተው ወንድሙ ስም ጠራኝ። እጁን ይዤ ወጋሁት። አርባ ስምንት።

«ከረሜላው የት አለ?» ኪሶቹን ሁሉ አገላበጥኩ። ባዶ ናቸው።

«ለልጆቹ» አለ፤ ምላሱ ከብዶታል። «ለኔ ምን ያደርግልኛል...»

«አሊዩ፣ ስኳር! ጁስ! ምንም!»

አሊዩ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «አውጥቼው! ሁሉንም እኮ አወጣሁት!» ሱቁ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ወደዚያው በባዶ እግሩ መሮጥ ጀመረ።

ከኋላዬ ዘሃራ ደረሰች። ብርጭቆ ይዛለች፤ በጣቷ ታማስላለች። ለባሏ ሳትነግር አንድ ጭብጥ ስኳር በፌስታል ጠቅልላ ሽሮው ውስጥ ደብቃ ኖሯል፤ ለራሷ ሻይ። ስሮጥ አይታ ምን እንደሆነ ገብቷታል። ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አደረግኩት። ጥርሱን ገጠመ።

«ጠጣ፣ አጎቴ!»

ራሱን ነቀነቀ። «ጾመኛ ነኝ።»

«ምን?»

«ስለት አለብኝ። ኹሩጁ ከወጣልኝ ቢስቲማ እስክገባ እጾማለሁ ብያለሁ። ሦስት ቀን ቀረኝ... አታስፈታኝ።»

ክኒኑን ከንጋት በፊት፣ ሱሑር ላይ፣ እየዋጠ ነበር የጾመው። የዋጠውን ደግሞ ከኔ አልደበቀም፤ የደበቀው ምግቡን ነው። ራሱን ከሳተ በኋላ በአፉ ምንም ማፍሰስ እንደማይቻል፣ እንደሚያንቀው አውቃለሁ። ዓይኑ መክደን ጀምሯል።

ዘሃራ አሸዋው ላይ ተንበርክካ አገጩን በዓሣ በሸተተ እጇ ያዘችው። «አያ ሙሄ፣ ስማኝ። ከድጃ ባሌን አምጡልኝ አለች እንጂ ጾመኛ አምጡልኝ አላለችም። ኃጢአት ከሆነ በኔ አንገት ይሁን። ዋጥ!»

ዋጠ። አንዴ፣ ሁለቴ። ግማሹ ጢሙ ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹ ገባ። ስልኬን አውጥቼ ሰዓቱን ያዝኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ አለበት፤ ከዚያ በፊት መለካት ዋጋ የለውም። አሊዩ እግሩ ደምቶ የብርቱካን ጁስ ይዞ ደረሰ። ሰዓቱ ሲሞላ ለካሁት፤ ስድሳ አንድ። ጁሱን ግማሽ ብርጭቆ ደገምነው፤ ሌላ አሥራ አምስት ደቂቃ። ሰማንያ ስምንት። አጎቴ ዙሪያውን አየና «ሸሚዜን ማን አራሰው?» አለ። ዘሃራ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ስኳር ብቻውን ተመልሶ ይወርዳልና ቤት ወስደን ዳቦና ዓሣ አበላነው። ይህን ጊዜ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ሸሚዝ ልቀይርለት ሻንጣውን ስከፍት የጠፉትን ምግቦች አገኘሁ። የሰኞው ዳቦ ደርቆ፣ የማክሰኞው በፉል ርሶ፣ ብስኩቱ፣ የዛሬው ደግሞ ከሽርጡ እጥፋት ውስጥ ገና ለስላሳ እንደሆነ ወጣ፤ እያንዳንዱ ለብቻው በፌስታል ተጠቅልሏል። እህል መጣል አልሆነለትም። እኔን ማታለል ሆኖለታል፣ ዳቦ መጣል ግን አልሆነለትም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ትከለክለኛለህ።»

«አዎ፣ እከለክልሃለሁ!»

«ታዲያ?» አለ። ቀጥሎም፣ «አንተም አልጠየቅኸኝም። ስንት ሆነ ትላለህ እንጂ፣ አጎቴ ምን አስበህ ነው አትልም» አለኝ። ተናደድኩ። የተናደድኩት እውነቱን ስለነበረ ነው።

አሊዩም «ያጸዳሁት ቤት ሊገልህ ነበር» እያለ አልተጽናናም። ዘሃራ የቀረችውን ስኳር ሽሮው አጠገብ በግልጽ አስቀመጠችና «ከዛሬ ጀምሮ ይህ መድኃኒት ነው፤ የሚነካው ወዮለት» አለችው። ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሙ አይቶት ክኒኑን በምግብ ካልሆነ እንዳይወስድ፣ አንድም ምግብ እንዳይዘል፣ አገር ሲገባ መጠኑን እንዲያስተካክሉለት ጻፈለት።

የስለቱ ነገር ግን አልተቋጨም። ሐሙስ ማለዳ ጂዛን ስንገባ አጎቴ ቁርሱን ፊቱ አስቀምጦ አይነካውም፤ አውሮፕላኑ ከሰዓት ነው። ከገበያው አጠገብ ወዳለ መስጊድ ገብተን አንድ አረጋዊ ኢማም አገኘን። አጎቴ ራሱ በዐረብኛው ነገራቸው። ኢማሙ የክሊኒኩን ወረቀት ተቀብለው አነበቡ።

«ሕመምተኛ ነህ፣ መንገደኛም ነህ» አሉት። «ለሁለቱ ረመዳን እንኳ ቀሏል። አንተ ራስህ ላይ ያከበድከውን ማን አዘዘህ? አገርህ ስትገባ አሥር ችግረኞች አብላ። አሁን ሂድና ብላ።»

«አሥር ብቻ?» አለ አጎቴ።

«አሥር። አሥራ አንደኛው አንተ ነህ፤ ራስህን ካላበላህ ለማን ልታበላ ነው?»

ከመስጊዱ ደጃፍ ተቀምጦ እንቁላልና ግማሽ ዳቦ በላ። እያየሁት። አውሮፕላን ውስጥ ትሪው ሲመጣ ነጭ ዳቦ፣ ኬክና ጁስ ነበረበት። ኬኩን ለኔ ሰጠኝ፤ ጁሱን ሳይከፍት «ይህ ለክፉ ቀን» ብሎ ኪሱ ከተተው። ጂዳ ላይ አውሮፕላን ስንለውጥ ረጅም ሰዓት ቆየን። በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ በላ፤ ቁጥሩም ከመቶ ሃያ እስከ መቶ ስድሳ ቆየ። ሆኖም ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር እየነቀነቅሁ ቀሰቅሰው ነበር። «ተኝቼ እኮ ነው፣ ሙዲር! ሰው አይተኛም?» ይለኛል። ቦሌ እስክንገባ እንዲህ ሆነን መጣን።

ቅዳሜ ከሰዓት ባጃጁ ቢስቲማ ከቤቱ በር ሊያደርሰን ሲል አጎቴ የሾፌሩን ትከሻ መታ አደረገ። «እዚህ አውርደኝ» አለው። እትዬ ከድጃ በሩ ላይ ቆማለች። ያችን ሃምሳ እርምጃ ያህል ቀስ ብሎ፣ ሻንጣ ሳይዝ፣ በእግሩ ሄደ። እኔ ከኋላ ቀረሁ።

በሳምንቱ አሥሩ ሰዎች መጡ፤ አሮጊቶች፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ ከመስጊዱ ደጅ የሚቀመጡ። ሥጋ ወጥ፣ ምስርና ጎመን ቀረበላቸው። አጎቴ እየዞረ ያጎርሳል፣ ይቀልዳል፣ ይጨምራል። ምሳ ሰዓት ማለፉን አየሁና ደብተሬን ይዤ ልነሣ ስል እትዬ ከድጃ አሥራ አንደኛውን ሳህን አመጣች። ጎመኑ በዛ ያለ፣ ምስሩ ከጎኑ፣ እንጀራው ግማሽ።

አጎቴ ከሰዎቹ መካከል ተቀመጠ። «ሙዲር! ና ወዲህ» ብሎ ሰው ፊት ጠራኝ። «ከመጻፍህ በፊት እይ።»

መጀመሪያ ጎመኑን ጎረሰ። ደብተሩን ዘጋሁና እስኪውጠው አየሁት።